አልጋማ ሞልቷል፣ የጠፋው የሚያወራ ሰው ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በጋዜጣችሁ ስለ ከተማችን ቱሪዝም የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው እንግዳ ሐዋሳ መጥቶ አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ የሚሄደው በቂ ሆቴል ስለሌለ ነው ይላሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። አልጋማ ሞልቷል። የጎደለን ሌላ ነው። ምን እንደጎደለን ደግሞ ያወቅኩት እዚህ ሆኜ አይደለም። ቦጎታ ሄጄ ነው፣ የኮሎምቢያ ዋና ከተማ።

“ይቺን ሴትዮ ከቦጎታ ምን አገናኛት?” እንዳትሉ። ቡና ቀማሽ ነኝ። ሐዋሳ ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ቡና በማንኪያ ፉት እያሉ መትፋት ነው። እናቴ እስከ ዛሬ “ተምረሽ ተምረሽ መጨረሻሽ ቡና መትፋት ሆነ?” ትለኛለች። ያ መትፋት ነው እንግዲህ ባለፈው ዓመት ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ኮሎምቢያ ድረስ የወሰደኝ። ከአዲስ አበባ እስከ ሳኦ ፓውሎ በራሳችን አየር መንገድ፣ ከዚያ በሌላ አውሮፕላን ቦጎታ። መንገዱን አልተርክላችሁም። እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ አለኝ፣ በቃ።

ሥልጠናው ቅዳሜ አለቀ። በረራዬ ሰኞ ነው። እሑድ ምንም ሥራ የለኝም። አብራኝ የሠለጠነች ኬንያዊት “በእግር የሚያስጎበኙ አሉ፣ በነጻ ነው፣ ደስ ካለሽ መጨረሻ ላይ የፈለግሽውን ትሰጪያለሽ” አለችኝ። እኔ በነጻ የሚባል ነገር አላምንም። በነጻ ተብሎ የተጀመረ ነገር መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው። ቢሆንም ሄድኩ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የወርቅ ሙዚየሙ ፊት ለፊት ካለው መናፈሻ ተሰበሰብን። አሥራ አራት ነበርን። ጡረታ የወጡ ጀርመናውያን ባልና ሚስት፣ ሲስቁ የማያባሩ ሦስት የሜክሲኮ ሴቶች፣ አንድ ዝምተኛ የኮሪያ ልጅ፣ ሁልጊዜ ወደኋላ እየቀረ የሚያስጠብቀን አንድ አርጀንቲናዊ፣ ሌሎችም። አስጎብኚያችን ቢጫ ጃንጥላ የያዘች ወጣት ናት። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጃንጥላው ለምልክት ይሁን ለዝናብ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ከሰዓት በኋላ ለሁለቱም መሆኑ ገባኝ።

የመጀመሪያ ትምህርቷ ስለ ታሪክ አልነበረም። ስለ ፓፓያ ነው። “እዚህ ከተማ አንድ ሕግ አለ፣ ፓፓያ አትስጡ” አለችን። እርስ በርስ ተያየን። በእነሱ አነጋገር ፓፓያ መስጠት ማለት ራስን ለሌባ ማመቻቸት ነው። ስልክህን ከኋላ ኪስህ ከከተትክ ፓፓያ ሰጠህ። ቦርሳሽን ወንበር ላይ አንጠልጥለሽ ወሬ ከያዝሽ ፓፓያ ሰጠሽ። ጀርመኑ ሽማግሌ ካሜራቸውን ወዲያው ጃኬታቸው ውስጥ ሸጎጡ። የኔ ግን ሳቄ መጣ። እኛ ቤት እኮ እንግዳ የሚሸኘው ፓፓያ ተሸክሞ ነው!

ቀጥላ ተራራ አሳየችን። ቦጎታ ውስጥ ተራሮቹ ሁልጊዜ በምሥራቅ ናቸው። ከተራሮቹ ጎን ለጎን የሚሄደው መንገድ ካሬራ ይባላል፣ ወደ ተራሮቹ የሚወጣው ደግሞ ካዬ። ሁሉም ቁጥር አለው። ተራራው ከታየህ አትጠፋም። እኛም እኮ ሐይቁ ሁልጊዜ በምዕራብ አለልን። ግን እንግዳ ሲጠይቀን “ከገብርኤል ወረድ በል፣ ከቢጫው ፎቅ ጀርባ፣ እዚያ ስትደርስ ደውልልኝ” ነው የምንለው።

ሰባተኛው ካሬራ ላይ ስንወጣ መኪና የለም። እሑድ ነዋ። በየእሑዱና በየበዓሉ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለመኪና ይዘጋል። ብስክሌት ነው፣ ሯጭ ነው፣ ጋሪ የምትገፋ እናት ናት፣ ውሻ ነው። እኛ “መንገድ ለሰው” ያልነውን ነገር እነሱ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ሐዋሳ መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ትዝ የሚለኝ ብስክሌት ነው። ሜዳ ከተማ፣ ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው ሳያልበው የሚደርስባት ከተማ። አሁን ባጃጅ ዋጣት። ይሄ የሌላ ደብዳቤ ጉዳይ ነው፣ ልተወው።

ፔርሙዝ የታቀፈ ሰውዬ “ቲንቶ! ቲንቶ!” እያለ አለፈ። ጥቁር ቡና ማለት ነው። ይቺን በምታህል ትንሽ ኩባያ ቀዳልኝ። ሙያዬ ነውና ልናገር፣ ቀጭን ነው፣ ቦዲ የምንለው አፍ የሚሞላ ክብደት የለውም፣ ከቡና ይልቅ ሸንኮራ ሸንኮራ ይላል። የቅምሻ ጠረጴዛ ላይ ቢቀርብልኝ ተፍቼው እሻገር ነበር። ግን ብርድ ነበር፣ ጨረስኩት። አስጎብኚያችን ምርጥ ምርጡ ለረጅም ዘመን ወደ ውጭ ሲላክ ለአገሬው የተረፈው ይሄ እንደነበር ነገረችን። እዚህ ላይ ትንሽ ኮራሁ። እኛ ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን ራሳችን ነው የምንጠጣው።

ሰባተኛው ካሬራ ከሂሜኔስ ጎዳና ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን አካባቢ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ጽሑፎች አሉ። ብቻዬን ብሆን ዞሬም አላያቸው። እሷ ጃንጥላዋን ተክላ ቆመች። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 9 ቀን 1948 እዚህ ቦታ ላይ ሆርሄ ኤሊየሴር ጋይታን የሚባል ድሃው የሚወደው ፖለቲከኛ ከቢሮው ሲወጣ በጥይት ተመታ። ሕዝቡ ተኳሽ ነው የተባለውን እዚያው ገደለው፣ ከዚያ ከተማዋ ነደደች። ትራሞቹ ሳይቀሩ ተቃጠሉ። ያን ቀን አያቷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። እናትየው ከአልጋ ሥር ከተዋቸው ሁለት ቀን በዳቦ ብቻ አደሩ። “አያቴ እስከ ዛሬ ቤቷ ውስጥ ተጨማሪ ዳቦ ካልኖረ እንቅልፍ አይወስዳትም” አለች። የተለጠፈው ጽሑፍ ይሄን አይልም። ይሄን ለመስማት ሰው ያስፈልጋል።

ቦሊቫር አደባባይ ሰፊ ነው። እርግብ በእርግብ። በቆሎ የሚሸጡ ሴቶች እርግቡን ራሳቸው ላይ አሳርፈው ያስቁናል። ከሜክሲኮዎቹ አንዷ ጩኸቷን አቀለጠችው። አደባባዩን ዙሪያውን ካቴድራሉ፣ ምክር ቤቱና የፍትሕ ቤተ መንግሥቱ ይዘውታል። የፍትሕ ቤቱ በር ላይ ለአገሪቱ ነጻነት የታገለው የሳንታንዴር ቃል ተጽፏል፤ መሣሪያ ነጻነትን ሰጣችሁ፣ ሕግ ደግሞ አርነትን ይሰጣችኋል የሚል። አስጎብኚያችን ካነበበችልን በኋላ ጃንጥላዋን ዝቅ አደረገች። ሕንፃው አዲስ ነው። የቀድሞው የለም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 1985 ኤም 19 የሚባሉ ታጣቂዎች ገብተው ዳኞቹን ያዙ። ጦሩ በታንክ በሩን ጥሶ ገባ። በሁለት ቀን ውስጥ ወደ መቶ የሚሆን ሰው አለቀ፣ ከሟቾቹ አሥራ አንዱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ነበሩ። ሕንፃው ተቃጠለ። በኋላ ያ ቡድን መሣሪያውን አስቀመጠ። ከቀድሞ አባላቱ አንዱ በ2022 ምርጫ አሸንፎ ፕሬዚዳንት ሆነ። ይሄን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋን አልቀየረችም። ለማንም አላዳላችም። አገሬን ላሳምር ብላም አልሸፋፈነችም። አንድ አዛውንት ኮሎምቢያዊ መንገደኛ ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እስማማለሁ ማለታቸው ይሁን አልስማማም፣ አላወቅኩም።

ከዚያው አደባባይ ጥግ ላይ አሮጌ ቤት አለ። እዚህ ደግሞ በሳቅ ገደለችን። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን 1810 የገበያ ቀን ነው። ዮሬንቴ የሚባል የስፔን ነጋዴ እዚህ ሱቅ አለው። የአገሬው ሰዎች እንግዳ ልንቀበል ነውና የአበባ ማስቀመጫ አውሰን ይሉታል። አላውስም ይላል። ሰደበን ብለው ጠብ ያነሳሉ። ገበያተኛው ይገባበታል፣ ከተማው ይታመሳል፣ ከስፔን ነጻ የመውጣቱ ነገር በዚያው ይጀመራል። ቀድሞ የተመከረበት ነገር ነበር፣ እምቢ እንደሚል ያውቃሉ። የአበባ ማስቀመጫው ስባሪ እስከ ዛሬ እዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጧል፣ ቤቱ ሙዚየም ሆኗል፣ ቀኑም የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ነው። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ለእህቴ ሰርግ ሰታቴ አላውስም ያለችን ጎረቤት ነበረች። ያኔ ነገሩን ብንገፋበት የት ይደርስ ነበር?

ዳገቱን ወጥተን ቾሮ ዴ ኬቬዶ የምትባል ትንሽ አደባባይ ደረስን። ከተማዋ በ1538 የተቆረቆረችው እዚህ ነው ይላሉ። ቤቶቹ አጫጭር፣ ቀለማቸው ደማቅ፣ ግድግዳው ሁሉ ሥዕል። የሽንት ሽታም አለ፣ ልደብቅ አልችልም፣ አፍንጫዬ የእንጀራዬ ዕቃ ነው። መንገድ ዳር ካርቶን አንጥፎ የተኛ ሰውም አይተናል።

ነጻ የተባለው ጉብኝት እዚህ አለቀ። ሰው የቻለውን ጨብጦ ሰጣት። ለማንም እጇን አልዘረጋችም፣ ማንንም ቀና ብላ አላየችም፣ ቦርሳዋን ከፍታ ቆመች ብቻ። እኔ ሃምሳ ሺህ ፔሶ ሰጠኋት። ሺህ ሲባል አትደንግጡ፣ የፔሶ ነገር ነው። ከዚያ ሰባታችን መለያየት አቃተን። “ምሳ ከጋበዛችሁኝ ከሰዓትም አብሬያችሁ እሆናለሁ” አለች። ጋበዝናት።

ምሳው አሂያኮ ይባላል። የዶሮ ሾርባ ነው፣ በሦስት ዓይነት ድንች የተሠራ። አንዱ ድንች ፈርሶ ሾርባውን ያወፍረዋል፣ አንዱ እንዳለ ይቆያል። በቆሎ እስከ ቆረቆንዳው ውስጡ ቆሟል። ክሬም፣ አቮካዶ፣ እና ጉዋስካስ የሚሉት ቅጠል። ያለ ቅጠሉ አሂያኮ አይባልም አሉ፣ እኛ ዶሮ ወጥ ያለ ቅመም እንደማንለው። ያገሬ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አለው ብዬ ላስረዳቸው ሞክሬ እንግሊዝኛዬ ስድስተኛው ላይ አለቀ።

ወርቅ ሙዚየሙ እሑድ በነጻ ነው። ከሠላሳ ሺህ በላይ የወርቅ ዕቃ አለው። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወርቅ ሰለቸኝ። ጆሮ ጌጥ፣ አፍንጫ ጌጥ፣ ጭንብል። ከዚያ አንድ መስታወት ፊት አቆመችን። ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ የወርቅ ታንኳ ነው። ገበሬዎች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1969 ከዋሻ ውስጥ ያገኙት። መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ቆሟል፣ ዙሪያውን ትንንሽ ሰዎች። ሰዎቹ ከክር የቀጠኑ ናቸው፣ ቀና ብለው የሆነ ነገር የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ታሪኩ ይህ ነው። ሙይስካ የሚባሉት የአካባቢው ሕዝቦች አዲስ አለቃ ሲሾም ገላውን በወርቅ ዱቄት ይቀቡታል። በታንኳ ጓታቪታ ወደሚባል ሐይቅ መሐል ይወስዱታል። ወርቅና የከበረ ድንጋይ ለሐይቁ ይሰጣሉ። ኤል ዶራዶ ማለት “ወርቅ የተቀባው” ማለት ነው። ስፔኖቹ የወርቅ ከተማ አለ ብለው ስንት ዘመን ተንከራተቱ፣ ነገሩ ግን ሰውየው ነው። ሐይቁንም አልማሩትም፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ጫፉን ቆፍረው ውኃውን ሊያፈሱ ሞክረዋል፣ የተቆረጠው ተራራ እስከ ዛሬ ይታያል አለችን። ቀጥላ ክብ ክፍል ውስጥ አስገባችን። በሩ ተዘጋ፣ ጨለመ። ዜማ የሚመስል ድምፅ መጣ። ከዚያ ዙሪያችን ያለው ወርቅ ቀስ በቀስ በራ። ኮሪያዊው ልጅ ያን ቀን መጀመሪያ ቃል ያወጣው እዚያ ነው። ምን እንዳለ አልሰማሁትም፣ በራሱ ቋንቋ ነው።

እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ሐይቅ ዳር ነው የምኖረው። ሙይስካዎች ሐይቃቸው ውስጥ ወርቅ ይጥሉ ነበር። እኛ ሃይላንድ እንጥላለን።

ስንወጣ ዝናቡ ወረደ። ሮጠን አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ገባን። ሜክሲኮዎቹ ትኩስ ቸኮላት አዘዙ፣ ከአይብ ጋር መጣ። አይቡን ቆርሰው ቸኮላቱ ውስጥ ይከቱታል፣ ሲለሰልስ በማንኪያ ያወጡታል። ቀመስኩ። አትቅመሱ አልልም።

ግድግዳው ላይ የቡና ዝርዝር አለ። ከሁሉም ውዱ “ጌይሻ” ይላል። አስተናጋጁን ስሙ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኩት። “ከጃፓን” አለኝ ፈርጠም ብሎ። ጃፓን! ደሜ ፈላ። ጌሻ እኮ የኛ ነው። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተለቅሞ ወጣ። ኬንያ ገባ፣ ታንዛኒያ ገባ፣ በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፣ ከዚያ ወደ ፓናማ ተሻገረ። ስንት ዓመት ማንም ሳያየው ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2004 ፓናማ ውስጥ ለውድድር ሲቀርብ ቀማሾቹ አፋቸውን ያዙ። አሁን ኮሎምቢያም ይተክለዋል። ይሄን ሁሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገርኳቸው። ኬንያዊቷ “በኛ በኩል ባያልፍ የት ይደርስ ነበር?” ብላ ጣልቃ ገባች። አስተናጋጁ ሥራውን ትቶ ቆመ። አንድ ኩባያ በነጻ አፈላልኝ። ማንኪያ ጠይቄ እንደ ልማዴ ሳብኩት። የጽጌ ሽታ አለው፣ ከኋላ የሎሚ ልጣጭ። የአገሬን ልጅ በሰው አገር፣ በሰው ስም አገኘሁት። ያንን አልተፋሁትም።

አስጎብኚያችን ማስታወሻ ደብተር አውጥታ የነገርኳትን ጻፈች። “ለካ አንቺም አስጎብኚ ነሽ” አለችኝ።

ሞንሴራቴ በገመድ በሚሄደው መኪና ወጣን። ከፍታው 3,152 ሜትር ነው። ከተማዋ ራሷ 2,640 ሜትር ላይ ናትና ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ተቆረጠ። “አንቺማ የሯጮች አገር ሰው ነሽ!” ይሉኛል። ሐዋሳ ያለችው 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። እኔ ደግሞ በሕይወቴ የሮጥኩት ባጃጅ እንዳያመልጠኝ ነው። ጫፉ ላይ ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለ። ውስጡ “የወደቀው ጌታ” የሚሉት የ17ኛው መቶ ዘመን ሐውልት አለ። በእግሩ ዳገቱን የወጣ ሰው ብዙ ነው። ላቡን ሳይጠርግ የሚንበረከክ ሽማግሌ አየሁ፣ ልጇን አዝላ የወጣች እናት አየሁ። ሐውልት ለኛ ባይለመድም ፊታቸውን አውቀዋለሁ። የቁልቢ መንገደኛ ፊት ነው።

ዝናቡ አባርቶ ከተማው ከሥራችን ተዘረጋ። ወደ ስምንት ሚሊዮን ሕዝብ። አስጎብኚዋ አጠገቤ ተቀመጠችና “ያንቺ ከተማ ሰው ሲመጣ ምን ትነግሪዋለሽ?” አለችኝ።

ዝም አልኩ። “ሐይቅ አለን” አልኳት። “እሺ?” አለችኝ። “ዓሣ አለ።” ጠበቀችኝ። የምጨምረው አጣሁ። ሼም ያዘኝ።

ትዝ ያለኝን ልንገራችሁ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሁለት የውጭ ቡና ገዢዎች መጥተው ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወስጃቸው ነበር። እንደምታውቁት ጠዋት ጠዋት ዓሣው ይወጣል፣ ልጆቹ በቢላ ይልጡታል፣ ጥሬውን በዳጣ የሚበላም አለ፣ አባ ኮዳዎቹ ትርፍራፊ እየጠበቁ እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ይቆማሉ። አንድ ልጅ መጣና አስጎብኚ ነኝ አለ። መታወቂያ የለውም። ከገዢዎቹ አንዱ ወፉን እያሳየ ምንድን ነው አለው። “በርድ” አለው። “እሺ፣ ምን ዓይነት?” “ቢግ በርድ!” ከዚያ ለፎቶ ክፈሉ አለ፣ ለጀልባ ደግሞ ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆነ። ተጨቃጨቅን። ሰዎቹ በማግስቱ ጠዋት ሄዱ። አልጋቸው ጥሩ ነበር፣ ፍራሹንም አመስግነውልኛል።

በልጁ ላይ አልፈርድም። እኔስ? ያ ወፍ ላባ የሌለው ራሱን ይዞ ለምን ሰው ሠፈር እንደሚውል፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ከረጢት ምን እንደሚመስል አይቼ ስሙ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የአንድን ቡና ወረዳ በምላሴ የምለይ ሴት የምኖርበትን ከተማ አላውቀውም።

ከመጣሁ በኋላ መጠየቅ ጀመርኩ። ወሬ ሞልቷል። ሐዋሳ ማለት በሲዳምኛ ሰፊ ማለት እንደሆነ፣ የድሮ ሰዎች አካባቢውን አዳሬ ይሉት እንደነበር ሽማግሌዎች ነገሩኝ። ሐይቁ ጥቁር ውኃ የሚባለውን ወንዝ ተቀብሎ በላይ የሚያስወጣው ወንዝ የለውም። የገባው ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው፣ ሃይላንዱም ጭምር። ጉዱማሌ ላይ የሚከበረው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጫምባላላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ቀኑን የሚቆርጡት አያንቶዎች የሚባሉ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ካላንደር ሳይሆን ኮከብ አይተው። አንድ እንግዳ ይሄን ሰምቶ በአንድ ሌሊት ይሄዳል? ያለፉ ክፉ ቀኖቻችንም አሉ፣ እነሱንም ሳናዳላ ማውራት እንችላለን። ከገብርኤል እስከ ፍቅር ሐይቅ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ሜዳ ነው። የጀርመኑ ሽማግሌም ይሄዱታል።

ለጽሑፉ ባለቤት የምለው ይህን ነው። ሆቴሉ ይሠራ፣ አልቃወምም። ግን ታሪክ ተምረው፣ ቋንቋ ተምረው ቤት የተቀመጡ ልጆች በየሠፈሩ አሉ። መኪና አያስፈልጋቸውም፣ ቢሮ አያስፈልጋቸውም። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ትንሽ አሠልጥኖ ደረታቸው ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ ይስጣቸው። ክፍያው እንደ ቦጎታዋ ይሁን፣ መጨረሻ ላይ፣ በፈቃድ። የሚያወራ ሰው አውርቶ ይበላል፣ “ቢግ በርድ” የሚል ባዶ እጁን ይገባል።

መሥሪያ ቤቱን እስክንጠብቅ ብዬ ከሦስት ሳምንት በፊት የእህቴን ልጅ ይዤ ሞከርኩት። ታሪክ ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ነበረች። ለሥራ ከአዲስ አበባ የመጡ አምስት ሰዎች አገኘንላት። ከገብርኤል ተነስተን ወረድን። እሷ መጀመሪያ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ ፒያሳ ላይ ተስተካከለ። አሞራ ገደል ስንደርስ እኔ አላስችል ብሎኝ ጣልቃ ገባሁ። ሳፋ ውስጥ የተጋደመ ትልቅ አምባዛ እያሳየሁ “ይሄ ሌሊት የወጣ ነው፣ ከሞተ ቆይቷል” አልኩ። አጥማጁ መረቡን እየጠቀመ ቀና ሳይል “እትዬ፣ እሱ ገና አልሞተም” አለኝ። አምባዛ አየር ይተነፍሳል፣ ከውኃ ወጥቶም ብዙ ይቆያል። ቃሉን ሳይጨርስ ጭራው ሳፋውን ጧ አደረገው። ሁላችንም ወደኋላ ዘለልን፣ አንደኛው እንግዳ ጫማው በውኃ ራሰ።

መጨረሻ ላይ ስምንት መቶ ብር ሰጧት። መቶውን ለአጥማጁ አካፈለችው። ከአምስቱ ሁለቱ ሌላ ሌሊት አደሩ፣ በማግስቱ ታቦር ተራራ አውጪን ብለው።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገብርኤል አደባባይ ትቆማለች። ቢጫ ጃንጥላ ገበያውን ዞረን አጣን። የያዘችው ሰማያዊ ነው።

አክባሪያችሁ
ቡና ቀማሿ፣ ከሐዋሳ